እማማ ደብሪቱን ማን ያንሣቸው?

ተረቴ ከሩቅ ነው የመጣችው፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ቦታ ስጧት። ተጠጋችሁ? እንግዲያው አዳምጡ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ከተማ ሠርተው ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት ዘመን፣ መንገድ የረገጠውን በሚያነጋግርበት፣ በርም ያየውን በሚናገርበት ዘመን፣ ሁለት ከተሞች ነበሩ። አንደኛው ገደሉ ጫፍ ላይ ነበርና አፋፍ ይሉታል። ሁለተኛው ከታች ወንዙ አጠገብ ነበርና ወንዝዳር ይሉታል። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ መንገድ ነበር፤ ከአፋፍ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከወንዝዳር ሽቅብ ይወጣል።

አፋፍ ውስጥ ማንጠግቦሽ የምትባል አህያ ከባሏ ከጓንጉልና ከእናቷ ከእማማ ደብሪቱ ጋር ትኖር ነበር። ማንጠግቦሽ ለአፋፍ ጠላ ቤቶች ውሃ ታመላልሳለች። ጓንጉል ወንዝዳር እየወረደ ለውሃ ወፍጮው እህል ያመላልሳል። እማማ ደብሪቱ ግን አርጅተዋል፤ የእሳቸው ሥራ ጠዋት መነሣት ብቻ ነበር።

ይህ ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያረጀች አህያ ማታ ከተኛች ጠዋት በራሷ አትነሣም። ጉልበቷ ይተሳሰራል። ብዙ ከተኛች ደግሞ ጎኗ ይላጣል፣ እግሯ ይደነዝዛል፣ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ ማንጠግቦሽ ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ አንገቷን በእናቷ ደረት ሥር ታስገባና «በይ እማዬ» ትላለች። እማማ ደብሪቱም የፊት እግራቸውን የት እንዳስቀመጡት እስኪያስታውሱ እንድትታገሳቸው ይለምኗታል። ይሳሳቃሉ። ከዚያ ልጅ ትገፋለች፣ እናት ይንጠራራሉ። አንዴ ይወድቃሉ፣ ሁለቴ ይወድቃሉ፣ በሦስተኛው ይቆማሉ። አንዴ ከቆሙ እስኪመሽ የሚያቆማቸው የለም። ግቢውን ይዞራሉ፣ ከጎረቤት ይጫወታሉ፣ በአጥር ሥር ያለፈውን ሁሉ በቀልድ ሳይነኩት አይለቁትም።

ችግሩ የጓንጉል ነበር። ጠዋት ቁልቁለቱ ጉልበቱን፣ ማታ ዳገቱ ልቡን ይጨርስበታል። መጀመሪያ በየማታው ይመለስ ነበር። ቀጥሎ አንድ ማታ እየመጣ አንድ ማታ መቅረት ጀመረ። በመጨረሻ እሑድ እሑድ ብቻ የሚታይ እንግዳ ሆነ። አንድ እሑድ እማማ ደብሪቱ በር ላይ ሲያዩት «ማን ልበል?» አሉት። ለቀልድ ነበር። ማንጠግቦሽ ግን አልሳቀችም።

በዚህ መካከል ቁራ መጣ። ቁራ የቦታ ደላላ ነው። አጥሩ ላይ አርፎ ላባውን አስተካከለና ወሬውን ጀመረ። በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ ቁልቁለቱ ጋብ በሚልበት ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ አዲስ ሰፈር እየተቆረቆረ ነው አለ። ስሙም አማካይ ሰፈር ነው። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ምንጩ ደጃፍ ላይ ነው፣ ጎረቤት ገና ስላልመጣ ጠብ የሚባል ነገር የለም።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እኔ ዋሽቼ አላውቅም» አላት። «ከአፋፍም እኩል ነው፣ ከወንዝዳርም እኩል ነው። ባለቤትዎ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። እርስዎም ጠዋት ብቅ ብለው እናትዎን ያነሣሉ። እኔማ ክንፌን ትንሽ ካማታሁ ደረስኩ።»

እውነቱን ነው፤ ቁራ አልዋሸም። ክንፍ እንዳላት ግን አልጠየቃትም።

ማታውን ነገሩን ለእናቷ አዋየቻቸው። አብረው እንዲሄዱም ለመነቻቸው። እማማ ደብሪቱ እምቢ አሉ። እግሬ ቁልቁለቱን አይችልም አሉ። ቢችልስ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የማን ለቅሶ እንደደረስኩ የሚያውቁት የአፋፍ እድርተኞች ናቸው፤ እኔን የሚሸከሙኝም እነሱ ናቸው፤ ማንም በማያውቀኝ ሜዳ ላይ ማን ይቀብረኛል አሉ። «እናንተ ግን ወጣቶች ናችሁ፣ ሂዱ» አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

ማንጠግቦሽ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ባሏን ትወዳለች፣ እናቷን ትወዳለች። ከሁለቱ በታች ደግሞ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር፤ ደክሟታል። አንድ ጠዋት እንኳ ማንንም ሳላነሣ ብነሣ ብላ ተመኘች። ወዲያው ደግሞ በምኞቷ አፈረችና ጆሮዋን አጥፋ ተኛች።

በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ መንገዱን ጠየቀችው።

«አያ መንገድ፣ አማካይ ሰፈር ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ?»

«ለሚወርድ ቅርብ፣ ለሚወጣ ሩቅ ነኝ» አለ መንገዱ። «ጠዋት ጠዋት እንድትወጪ የሚጠብቅሽ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ሩቅ ነኝ» አላት።

ማንጠግቦሽ ይህን መልስ አልወደደችውም። መንገድ ሁልጊዜ ሲረገጥ ስለሚኖር ለሰው ደግ ነገር አይመኝም ብላ አለፈችው። ሆኖም ከመወሰናቸው በፊት አማካይ ሰፈር ትንሽ አድረው ሊሞክሩት ከጓንጉል ጋር ተስማሙ። እናቷንም እንዲሁ አልተወቻቸውም። በስተቀኝ ላለው ለጋሽ በሬ ነገረች፣ በስተግራ ላለችው ለእትዬ ፍየል ነገረች፣ ፊት ለፊት ላለው ለአያ ውሻ ነገረች። እኔ ከዘገየሁ እማዬን አንሡልኝ አለቻቸው። ሦስቱም እንኳን ይህን፣ ሌላም ቢሆን ጎረቤት ለምን ሆንን ብለው ተቆጧት። ማን ቀድሞ እንደሚመጣ፣ ማን ተከትሎ እንደሚመጣ ግን እሷም አልጠየቀች፣ እነሱም አልተነጋገሩ።

በመጀመሪያው ጠዋት ማንጠግቦሽ ከአማካይ ሰፈር ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሥታ ዳገቱን ወጣችው። ስትደርስ በላብ ተነክራለች፣ ፀሐይዋም ጣሪያው ላይ ወጥታለች። እማማ ደብሪቱ ዓይናቸውን ከፍተው ተኝተዋል። አረፈድሽ አላሏትም። «ዛሬስ ፀሐይዋ ቸኩላለች» አሉ። ገፋቻቸው፣ ተነሡ።

በሁለተኛው ጠዋት ዘነበ። ጭቃው አንዴ ወደፊት ሲያስኬዳት ሁለቴ ወደኋላ ይመልሳታል። ረፋዱን አልፎ ስትደርስ እናቷ ቆመው አገኘቻቸው። ጋሽ በሬ ሊያርስ ሲወጣ በሩን በቀንዱ ገፍቶ ገብቶ አንሥቷቸዋል። ማንጠግቦሽ አፈረች። ደስታዋ ግን ከሐፍረቷ በለጠ። ቁልቁለቱን ስትመለስ ሰውነቷ ቀልሏት ነበር።

በሦስተኛው ጠዋት ጓንጉል አብራው ወንዝዳር እንድትወርድ ጠየቃት። ሦስት ማታ ቤቱ አድሮ ፊቱ ፈክቷል፤ ከተጋቡ ጀምሮ ወፍጮ ቤቱን አላየችለትም። ማንጠግቦሽ ሽቅብ ወደ አፋፍ አየች። ቁልቁል ወደ ወንዝዳር አየች። ትናንት ጋሽ በሬ አንሥቷቸዋል፣ ዛሬም አንዱ ያነሣቸዋል አለችና ወረደች።

ቀኑ እንዴት ያለ ቀን ነበር! ወፍጮው ሲዞር አየች፣ ትኩስ ፉርሽካ እስኪበቃት በላች፣ ጓንጉል የባለወፍጮውን የዝንጀሮን አኳኋን እያስመሰለ አሳቃት። ማታ አማካይ ሰፈር ሲገቡ ልቧ ቆርጧል። እዚህ እንኖራለን አለች።

አሁን አፋፍን እንይ።

በዚያን ቀን ጠዋት ጋሽ በሬ፣ ትናንት እኔ ነኝ ያነሣኋቸው፣ ዛሬ ልጃቸው ባትመጣ እንኳ የፍየል ተራ ነው ብሎ ወደ እርሻው ሄደ። እትዬ ፍየል አርፍዳ በአጥሩ ላይ አሻግራ ብታይ እማማ ደብሪቱ ተኝተዋል። አልተነሡም እንዴ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ተነሥቼማ ነበር» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ልጄ በማለዳ መጥታ አንሥታኝ ነው የሄደችው። አሁን ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ ነው።»

እትዬ ፍየል ይህን ለአያ ውሻ ነገረችው። አያ ውሻም ልጅየዋ ከመጣች እኔ ምን አገባኝ ብሎ ጥላ ሥር ተመልሶ ተጋደመ።

እማማ ደብሪቱ ለምን ዋሹ? ልጄ አልመጣችም ቢሉ፣ ከብት ውሃ ወርዶ ሳይመለስ፣ ማንጠግቦሽ እናቷን ጥላ ባሏን ተከትላ ሄደች የሚለው ወሬ አፋፍን ያዳርሳል። የልጃቸው ስም እንዳይነሣ እሳቸው ሳይነሡ ቀሩ። ፀሐይዋ በበሩ ስንጥቅ ገባች፣ ግድግዳውን ዞረች፣ ወጣች። ጎናቸው መጀመሪያ አቃጠላቸው። ቀጥሎ ደነዘዘ። ድምፅ አላሰሙም።

በማግስቱ ማንጠግቦሽ ለእናቷ ፉርሽካ ተሸክማ፣ የምትነግራቸውን ወሬ በልቧ እየደረደረች ዳገቱን ወጣች። በሩን ገፋችው። እማማ ደብሪቱ ትናንት በተኙበት ጎን ተኝተዋል። አረፈድሽ አላሏትም። ስለ ፀሐይዋም ምንም አላሉም።

አንገቷን በደረታቸው ሥር አስገባች። አንዴ ወደቁ። ሁለቴ ወደቁ። በሦስተኛውም ወደቁ።

ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤቶቹ መጡ። ጋሽ በሬ ከፊት፣ አያ ውሻና እትዬ ፍየል ከጎን ሆነው አቆሟቸው። ግን የኋላ ግራ እግራቸው አልረግጥ አለ። ጎናቸው ተልጦ ሥጋው ይታያል። ከዚያ ጭቅጭቁ ተነሣ። ጋሽ በሬ ተራው የፍየል ነበር አለ። እትዬ ፍየል ራሳቸው ተነሥቻለሁ አሉኝ እኮ አለች። አያ ውሻ ልጃቸው መጥታለች ሲባል ሰምቻለሁ ብሎ ማለ። ሁሉም ወደ እማማ ደብሪቱ ዞሩ።

«መጥታ ነበር ብያለሁ» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ ግድግዳውን ተደግፈው። «ራሴው ተመልሼ ተኛሁ። ምን ያጨቃጭቃችኋል?»

ማንጠግቦሽ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ስሟ ይተርፍ ነበር። በሩ ግን በማጠፊያው ላይ ተንቋረረና ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ትናንት ማን እንደገፋውና ማን እንዳልገፋው እሱ ያውቃላ።

«ተው አያ በር፣ እኔው ልናገር» አለች ማንጠግቦሽ። «አልመጣሁም። ወንዝዳር ፉርሽካ እየበላሁ ነበር። አንዱ ያነሣቸዋል አልኩ እንጂ የትኛው እንደሆነ አላሰብኩም። ማሰብም አልፈለግሁም።»

ጋሽ በሬ መሬት መሬቱን አየ። እትዬ ፍየል ጢሟን አኘከች። እማማ ደብሪቱ ብቻ አጉረመረሙ። የዚህችን ልጅ ስም አተርፋለሁ ብዬ ጎኔን አጠፋሁ፣ እሷ ደግሞ ያተረፍኩትን በአንድ አፍ ጣለችው አሉ።

ወሬው ወንዝዳር ደርሶ ጓንጉል እየሮጠ ወጣ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሙክትም በግ እንደሚገባው ቀስ ብሎ መጣ። ማንጠግቦሽ ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ አልወጣም አለች። ጓንጉልም ወፍጮውን ትቼ እዚሁ ውሃ እቀዳለሁ አለ። ይህ ግን ቀላል ነገር አልነበረም። የአፋፍ ምንጭ የምትንጠባጠብ ናት፤ ለአንድ አህያ እንጂ ለሁለት የሚሆን ሥራ የላትም። እማማ ደብሪቱ ሁለቱን በየተራ አዩአቸው። ልጃቸው ብትቀር ሣቅ እንደማይተርፋት፣ አማቻቸው ቢቀር የሚበላው ገለባ እንደሌለ ገባቸው።

«እኔም አማካይ ሰፈር እሄዳለሁ» አሉ።

በምን እግርዎ ተብለው ተጠየቁ።

«የእድሩ ቃሬዛ አለ አይደል?»

በአፋፍ ሥርዓት የእድሩ ቃሬዛ የሬሳ ብቻ ነው። ሕያው ሆኖ የተኛበት የለም። አቶ ሙክት ይህ ሟርት ነው አለ፤ እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ተደርጎ አያውቅም፣ ደንቡም አይፈቅድም አለ። እትዬ ፍየል ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ተፋች።

«አቶ ሙክት» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ «መቼም መሸከማችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ማን በደህና ትከሻ እንደያዘኝ፣ ማን እያዛጋ እንደያዘኝ አላይም። አሁን ተሸከሙኝና ልያችሁ።»

«የሞቱ ለትስ?» አለ አቶ ሙክት። «ከዚያ ማዶ ማን ሰምቶ ይመጣል?»

«ቁራ ይነግራችኋል፤ ደላላ ከሆነ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ይጥቀም። ለእናንተ ደግሞ ቁልቁለት ነው፣ ምን አነሳችሁ?»

አያ ውሻ ሳያስበው ሣቀ። አቶ ሙክት ግን አሁንም አንገቱን ነቀነቀ። ቃሬዛው ራሱ ከፈቀደ እኔ አልከለክልም ብሎ ነገሩን በእሱ ላይ ጣለው። ቃሬዛውን ከእድር ቤቱ አመጡት። ረጅም፣ ጥቁር፣ ዝምተኛ ነበር። ድምፁን ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ግን ተናገረ።

«እኔ ስንቱን ተሸክሜአለሁ» አለ። «አንዱም ግን ደህና ዋልክ ብሎኝ አያውቅም።»

እማማ ደብሪቱ በሦስት እግራቸው እያነከሱ ቀረቡትና «ደህና ዋልክ፣ ልጄ?» አሉት።

ቃሬዛው ራሱን መሬት ላይ ዘረጋላቸው።

እንግዲህ አሸካከማቸውን ብታዩ! ጋሽ በሬና ጓንጉል ከፊት፣ እትዬ ፍየልና አቶ ሙክት ከኋላ። የበሬው ትከሻ ከፍ፣ የፍየሏ ዝቅ። እማማ ደብሪቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ እትዬ ፍየል ቀንድ ላይ ሊቀመጡ ሲደርሱ ማንጠግቦሽ በአንገቷ ትደግፋቸዋለች። አያ ውሻ ምንም ሳይሸከም ከፊት ከፊት እየሮጠ ያዛል። መንገድ ላይ የሚግጡ በጎች ቃሬዛውን ሲያዩ እንደ ወጉ ቆመው አንገታቸውን ደፉ። አንዷማ የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳትጠይቅ ደረቷን እየመታች ታለቅስ ጀመር። እማማ ደብሪቱ ቀና ብለው ለማን ነው የምታለቅሺው እህቴ ሲሏት፣ በጓ ገደሉን ሽቅብ እንደ ሚዳቋ ወጣችው ይባላል።

አማካይ ሰፈር ደረሱ፣ አወረዷቸው። ሸካሚዎቹ ወዲያው አልተመለሱም። ምንጩን ጠጡ፣ ሣሩን ቀመሱ። ከዚያ ጋሽ በሬ ሳይጠየቅ ወደ ማንጠግቦሽ ጠጋ ብሎ፣ ማረሻው ባረፈበት በየሰንበቱ ጠዋት እኔ ወርጄ አነሣቸዋለሁ፣ ያን ቀን አንቺ ተኚ አላት። የፍየል ተራ ነው እንደማይልም ጨመረ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጓንጉል በአንድ ወገን፣ ማንጠግቦሽ በሌላ ወገን ቆሙ። እማማ ደብሪቱ ሽቅብ አዩ፤ አፋፍ በጉም ተሸፍኗል። ቁልቁል አዩ፤ ወንዝዳር በጉም ተሸፍኗል።

«ያ ቁራ እውነቱን ነው» አሉ። «ከሁለቱም እኩል ነው። እኩል ሩቅ።»

«ሩቅ ነው እማዬ» አለች ማንጠግቦሽ።

«ይሁን። እናንተ ቅርብ ናችሁ። በይ ግፊ።»

ተነሡ። እግራቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ከዚያ ወዲያ ግቢውን የሚዞሩት እያነከሱ ነበር። ጎናቸው ላይም የተላጠው ቦታ ዳነ እንጂ ጠጉር አላበቀለም። ማንጠግቦሽ በየጠዋቱ አንገቷን የምታስገባው እሱን እያየች ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቤት ልትቀይሩ ስትነሡ ስንት እንደሚርቅ ደላላው ይነግራችኋል። ጠዋት ማን እንደሚጠብቃችሁ ግን እሱ አያውቅምና ያን ራሳችሁን ጠይቁ። አንዱ ያነሣዋል ተብሎ የተተወ ሰው ተኝቶ ይውላል፤ ቢጠይቁትም ተነሥቼ ነበር ይላል።

እኔ ይህን ያህል አወራሁ፤ የቀረውን እናንተ ቤታችሁ ስትገቡ ተነጋገሩበት።